20 ኪሎ የዘይት ካርቶን ስንት ደርብ ይወጣል? እንደ ብሎኬት ማጠላለፍስ ልክ ነው?

ስቶር_ቃሊቲ

ሰላም ለሁላችሁ። ቃሊቲ በኪራይ በያዝነው መጋዘን የምግብ ዘይት እናስቀምጣለን። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ወለሉ ሲሚንቶ ነው። ሼልፍ የለም፤ ያለን አንድ ሃንድ ፓሌት (ፓሌት አንስቶ የሚገፋ የእጅ ጋሪ) ብቻ ነው። አንዱ ካርቶን ባለ 5 ሊትር 4 ጀሪካን ይይዛል፣ በሚዛን 20 ኪሎ ነው። ልኩ 40 በ30 ሳንቲም፣ ቁመቱ 32 ሳንቲም። ፓሌቱ 120 በ100 የእንጨት ነው።

ጫኝ አውራጆቹ በአንድ ደርብ 10 ካርቶን እያስገቡ፣ እንደ ብሎኬት እያጠላለፉ 9 ደርብ ያወጣሉ፤ ከዚያ በስትሬች (በሚለጠጥ ስስ ፕላስቲክ) እንጠቀልላለን። ሦስት ሳምንት ሳይሞላው የታችኞቹ ካርቶኖች ሆዳቸው ተነፋ፣ ሁለት ክምሮች ደግሞ ወደ መተላለፊያው ዘንበል ብለዋል። ካርቶኑ ላይ የተደራረቡ ሳጥኖች ሥዕል አለ፣ መሃሉ ላይ 6 ተጽፎበታል። ዕቃው እስከ ሦስት ወር ሊቆይ ይችላል፣ ክረምቱም እየገባ ነው።

ስንት ደርብ ላውጣ? አደራደሩስ እንዴት ይሁን? ያዘነበሉትን ሁለቱን ምን ላድርጋቸው?

---

ካርቶን_ቴክኒክ

መጀመሪያ ያዘነበሉት ሁለቱ አጠገብ ሰው አይለፍ። መተላለፊያውን አሁኑኑ ዝጋ። አወራረዱን ሌሎች እንደሚጽፉልህ ተስፋ አለኝ፣ እኔ ካርቶኑ ለምን እንደተነፋ ልንገርህ።

ሸክሙን የሚችለው የካርቶኑ ማዕዘን ነው። ባዶ ካርቶን ወለል ላይ አቁምና የግድግዳውን መሃል ከላይ በመዳፍህ ተጫነው፤ ወዲያው ይጎብጣል። እጅህን ወደ ማዕዘኑ ውሰድና በዚያው ጉልበት ተጫን፤ ንቅንቅ አይልም። ከጠቅላላው ጥንካሬ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ያለው በአራቱ ማዕዘኖችና በአካባቢያቸው ነው። እንደ ብሎኬት ስታጠላልፍ የላይኛው ካርቶን ማዕዘን በታችኛው ግድግዳ መሃል ላይ ያርፋል። ጠንካራውን ቦታ ትተህ ደካማውን አሸከምከው ማለት ነው። ብሎኬት ድፍን ስለሆነ የትም ብታሳርፍበት ይችላል፤ ካርቶን ግን አራት ቀጭን ምሰሶ ያለው ቤት ነው።

አሁን ሒሳቡ። ጥሩ ባለ 5 ፕላይ ካርቶን በዚህ ልክ በላቦራቶሪ መጭመቂያ ሲፈተን ወደ 400 ኪሎ ይችላል እንበል። ይህ ቁጥር ለደረቅ፣ ለአዲስና ለደቂቃዎች ብቻ ለሚጫን ካርቶን ነው። መጋዘን ውስጥ እንዲህ ይቀነሳል፦

ሦስት ወር ተጭኖ ሲቆይ 55 በመቶው ብቻ ይቀራል። ወረቀት በሸክም ሥር ቀስ እያለ ይረግባል። የአየሩ እርጥበት 80 በመቶ ሲደርስ ከቀረው ላይ 68 በመቶው ይቀራል፤ 90 በመቶ ከደረሰ ግን ከግማሽ በታች ነው። የፓሌቱ ጣውላዎች መሃል ክፍተት ስላለ ከቀረው 85 በመቶውን ያዝ። ማዕዘን በማዕዘን በዓምድ ከደረደርክ፣ ትንሽ መዛነፍ ስለማይቀር 90 በመቶ። ካጠላለፍክ ግን 50 በመቶ።

በዓምድ፦ 400 × 0.55 × 0.68 × 0.85 × 0.90 = ወደ 114 ኪሎ።
በማጠላለፍ፦ 400 × 0.55 × 0.68 × 0.85 × 0.50 = ወደ 64 ኪሎ።

አንተ 9 ደርብ ስታወጣ በታችኛው ካርቶን ላይ 8 ካርቶን ማለትም 160 ኪሎ ጭነሃል። በማጠላለፍ የሚችለው ግን ከላዩ 3 ካርቶን ብቻ ነው። ሦስት ሳምንት መቆየቱ ራሱ የካርቶኑን ጥራት ያሳያል። ካርቶንህ ባለ 3 ፕላይ ከሆነ ደግሞ መነሻው ወደ 200 ኪሎ ስለሚወርድ ሁሉንም በግማሽ ቁረጠው። ጫፉን ቀደድ አድርገህ እይ፦ አንድ ሞገድ ካለው 3 ፕላይ ነው፣ ሁለት ሞገድ ካለው 5 ፕላይ።

ጀሪካኖቹ ሸክሙን ይጋራሉ የሚል ይኖራል። እውነት ነው፣ ይጋራሉ። እሱን ግን ሒሳብ ውስጥ አታስገባው። በቆርቆሮ ሥር ፕላስቲክ ሲሞቅ ይለሰልሳል፤ ጀሪካኑ ሸክም በያዘ ቁጥር ግፊቱ የሚያርፈው በአንገቱና በክዳኑ ላይ ነው። አንድ ክዳን ካንጠባጠበ ዘይቱ የሥሩን ካርቶን ያርሰዋል፣ የራሰ ካርቶን ደግሞ ማዕዘን የለውም።

ስለ 6 ቁጥሩ፦ በዓለም አቀፉ የማሸጊያ ምልክቶች ስታንዳርድ ይህ ቁጥር ከታችኛው ካርቶን በላይ የሚወጣውን ብዛት ያመለክታል። አንዳንድ አምራች ግን ጠቅላላውን ደርብ ማለቱ ነው። አምራቹን እስክትጠይቅ ድረስ ጠቅላላው 6 ነው ብለህ ያዝ።

---

አለቃ_ጫኝ

ሒሳቡ ጥሩ ነው፤ ግን ወዛደሩ ያለ ምክንያት አያጠላልፍም። በዓምድ የቆመ ካርቶን እርስ በርሱ አይያያዝም። አንድ ዓምድ ብቻውን ተነጥሎ ይወድቃል። ሃንድ ፓሌቱ ወለሉ ላይ ያለ ስንጥቅ ሲያልፍ አንዴ ነቅነቅ ካለ የዳሩ ዓምድ ይከፈታል። የተጠላለፈው ግን ይያያዛል።

እኔ የምመክረው 6 ደርብ ድረስ አጠላልፈህ ማቆም ነው።

---

ካርቶን_ቴክኒክ

ወንድሜ፣ ስለ መያያዙ ያልከው ትክክል ነው፤ ለሁለቱም መፍትሔ አለ። በ6 ደርብ ግን አልስማማም፤ ተጠላልፎ 6 ደርብ ሲሆን ታችኛው 100 ኪሎ ይሸከማል፣ አቅሙ ደግሞ 64 ነው። የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ምንም አይታይም። ከዚያ ከማዕዘኑ ተነስቶ ወደ ግድግዳው መሃል በግማሽ ጨረቃ ቅርጽ የሚሄድ እጥፋት ታያለህ። ያ እጥፋት ከታየ ካርቶኑ ወድቋል፣ ገና አልተኛም እንጂ።

የሚሠራው እንዲህ ነው። ታችኛዎቹን ደርቦች በሙሉ በዓምድ፣ ማዕዘን በማዕዘን ደርድር። የመጨረሻውን ደርብ ብቻ አዙረህ አጠላልፍ፤ የእሱ ክብደት ትንሽ ስለሆነ የሥሩን አይጎዳም፣ ዓምዶቹን ግን ከላይ እንደ ክዳን ያስራቸዋል። በየሁለት ደርቡ መሃል ፓሌቱን የሚያህል ወፍራም ወረቀት ወይም የተዘረጋ አሮጌ ካርቶን አንጥፍ፤ ካርቶን በካርቶን ላይ እንዳይንሸራተት ይይዛል። ከዚያ ስትሬቹ ሥራውን ይሠራል።

10 ካርቶን በአንድ ደርብ ማስገባቱ ራሱ ጥሩ አደራደር ነው፣ አትቀይረው። 120ው ሳንቲም ፊት ለፊትህ ሆኖ፦ 3 ካርቶን በርዝመታቸው ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከኋላቸው ሌላ 3 እንደዚያው። ይህ 60 ሳንቲም ጥልቀት ይይዛል። በቀረው 40 ሳንቲም ላይ 4 ካርቶን አዙረህ አስገባ። 6 እና 4፣ አሥር። ፓሌቱ ጢም ይላል፣ ምንም አይተርፍም፣ ምንም አይወጣም። ችግሩ የሚመጣው ሁለተኛውን ደርብ ስትጀምር 4ቱን በተቃራኒው በኩል ካደረግህ ነው። በዚያው በኩል ይሁኑ፣ ሁሉም ደርብ አንድ ዓይነት።

ከፓሌቱ ጠርዝ የሚወጣ ካርቶን ጉዳይ ደግሞ ቀላል አይደለም። 2 ወይም 3 ሳንቲም ብቻ ቢወጣ አንድ ጎን ያሉት ማዕዘኖች አየር ላይ ቀሩ ማለት ነው፤ ከ20 እስከ 40 በመቶ ጥንካሬ ይሄዳል። ፓሌቱ የተሰበረ ጣውላ ካለው ደግሞ ኮምፔርሳቶ ቆርጠህ አንጥፍበት፤ አሊያም ያን ፓሌት ለዚህ ሥራ አትጠቀም።

አንድ ነገር ልጨምር፦ ጆንያና ከረጢት ከሆነ ነገሩ ተቃራኒ ነው። ቡና፣ ሩዝ፣ ሲሚንቶ ማዕዘን የለውምና ማጠላለፍ ግዴታ ነው። ጫኝ አውራጆች ካርቶንን የሚያጠላልፉት ከጆንያ ሥራ ይዘውት መጥተው ነው፣ ይህን ስትነግራቸው ይገባቸዋል።

---

አለቃ_ጫኝ

የላይኛውን ደርብ ብቻ ማሰር፣ ይህ ይሠራል። ተቀብያለሁ። ለልጆቹ ሲታዘዝ ግን «በዓምድ ደርድሩ» ማለት አይበቃም። ፓሌቱ ላይ የመጀመሪያውን ደርብ ራስህ ደርድርላቸውና የ4ቱን በኩል በጠመኔ ምልክት አድርግ። ደርብ በተቀየረ ቁጥር ያን ምልክት ያያሉ።

የካርቶኑ ቀስት ወደ ላይ መሆኑንም እዩ። ቦታ ለመሙላት ብለው አንዱን በጎኑ የሚያስተኙ አሉ። የወረቀቱ ሞገድ ከታች ወደ ላይ የቆመ ስለሆነ ነው የሚሸከመው፤ ሲተኛ ሞገዱም አብሮ ይተኛል። ዘይቱም በክዳኑ በኩል ይተኛል።

---

ዱልስ_ሌሊት_ፈረቃ

ከቨርጂኒያ ነኝ። ስትሬች አጠቃቀም ላይ ብዙ ስህተት አለ፣ እሱን ልጻፍ።

ብዙ ሰው ከካርቶኑ መሃል ይጀምራል፣ ፓሌቱን አይነካም። እንዲህ ሲሆን ካርቶኖቹ እርስ በርስ ታስረዋል፣ ከፓሌቱ ጋር ግን አልታሰሩም፤ ሃንድ ፓሌቱ ሲቆም ጭነቱ በሙሉ እንደ አንድ ብሎክ ተንሸራቶ ይሄዳል።

የስትሬቹን ጫፍ አጠንጥነህ በፓሌቱ የማዕዘን እግር ላይ ቋጥር። ከታች 4 ዙር አድርግ፣ ግማሹ ስፋት ፓሌቱን ግማሹ ካርቶኑን ይያዝ። የሹካውን መግቢያ ግን አትሸፍን። ከዚያ እያንዳንዱ ዙር የቀደመውን ግማሽ እየሸፈነ ወደ ላይ ውጣ። ከላይ 3 ዙር፣ ከካርቶኑ ጠርዝ 5 ሳንቲም ያህል ከፍ ብሎ፤ የተረፈው በራሱ ወደ ውስጥ ይታጠፋል። ከዚያ ተመልሰህ ውረድ። ማዕዘን ላይ ስትደርስ ጥቅሉን ሳብ አድርግ፣ ግድግዳው ላይ ስትሆን ላላ፤ ሁልጊዜ ከሳብክ የላይኛውን ካርቶን ማዕዘን ትጨፈልቀዋለህ። ወደ ኋላ እየሄድክ አትጠቅልል፣ እግርህ የሚያርፍበትን እያየህ ወደ ፊት ሂድ።

የተጠቀለለ ካርቶን እርጥብ ከሆነ እርጥበቱም አብሮ ይታሸጋል። ኮንቴነሩ በባሕር ሲመጣ ውስጡ ጤዛ ያዝላል፤ ሞጆ ደርሶ ሲከፈት ጣሪያው ሥር ያለው ካርቶን የረጠበ ሊሆን ይችላል። በእጅህ ዳስሰው። ከረጠበ ለብቻው፣ በሁለት ደርብ ብቻ፣ ሳይጠቀለል ይድረቅ። ከደረቀ በኋላም የቀድሞ ጥንካሬው ሙሉ በሙሉ አይመለስም፣ ስለዚህ የላይኛው ደርብ ላይ ይሁን እንጂ ከታች አይግባ።

መጋዘኑ የእሳት ውሃ መርጫ ካለው በአሜሪካ ደንብ ከመርጫው ራስ እስከ ዕቃው አናት ቢያንስ 46 ሳንቲም ክፍት መሆን አለበት። ውሃው ተዘርግቶ የሚወርድበት ቦታ ነው። መርጫ ለሌለውም ከቆርቆሮ ራቅ ማለት ይጠቅማል፣ ዘይት ነውና።

---

ደህንነት_ኦዲተር

እስካሁን ስለ ካርቶኑ ተወራ፣ ስለሚያነሳው ሰው ግን ማንም አላነሳም። እህታችሁ ትጨምርበት።

9 ደርብ ማለት ፓሌቱን 15 ሳንቲም ጨምሮ 3 ሜትር ነው። የመጨረሻው ካርቶን የሚቀመጠው ከመሬት 271 ሳንቲም ላይ ነው። ይህ የሚሆነው በመወርወር፣ ወይም ክምሩ ላይ ሰው በመውጣት ብቻ ነው። ሁለቱም መከልከል አለባቸው። ክምሩ ላይ የወጣ ሰው ተረከዙ የሚያርፈው በካርቶኑ ክዳን መሃል ነው፤ ካርቶን_ቴክኒክ በመዳፍ ተጫኑት ያለው ቦታ ማለት ነው።

የአሜሪካ የሥራ ጤና ተቋም የማንሻ ቀመር የሚነሳው ከ23 ኪሎ ነው። ይህ ሁሉ ነገር ሲመች ነው፦ ዕቃው ከሰውነት 25 ሳንቲም ርቀት፣ ከመሬት 75 ሳንቲም ከፍታ፣ ሳይዞሩ፣ አልፎ አልፎ። ርቀቱም ከፍታውም ሲለወጥ 23ቱ ይቀነሳል። የናንተ ካርቶን 30 ሳንቲም ጥልቀት ስላለው ከሰውነት የሚርቀው ወደ 35 ሳንቲም ነው። 5ኛው ደርብ የሚቀመጠው 143 ሳንቲም ላይ ነው። 23 × (25/35) × 0.80 ስታሰሉ 13 ኪሎ ይመጣል። ካርቶኑ 20 ነው፣ አንድ ተኩል እጥፍ። 6ኛው ደርብ 175 ሳንቲም ላይ ነው፤ ቀመሩ ራሱ የሚያበቃው እዚያ ላይ ነው፣ ከዚያ በላይ የሚፈቅደው ክብደት ዜሮ ነው።

ስለዚህ የእኔ መልስ 5 ደርብ ነው፣ 6 አይደለም። ካርቶኑ 6 ቢችልም ትከሻ አይችልም። 5ኛውን ደርብ ሁለት ሰው ያንሳው። ሁለት ሰው ሲያነሳ አቅማቸው እጥፍ አይሆንም፣ የሁለቱ ድምር ሁለት ሦስተኛ ነው ተብሎ ይታሰባል፤ በዚህ ስሌት ወደ 17 ኪሎ ይመጣል፣ 20ው አሁንም ትንሽ ይበልጣል፣ ከአንድ ሰው ግን በጣም ይሻላል። የሚቆሙበት ነገር ካስፈለገ 30 ሳንቲም ከፍታ ያለው፣ ሁለት ሰው የሚያቆም፣ ላዩ ድፍን ጣውላ የሆነ መርገጫ ይሠራ። ባዶ ፓሌት ደርቦ መቆም እግር በክፍተቱ እንዲገባ መጋበዝ ነው።

ፍጥነቱም ይቆጠራል። በደቂቃ 4 ካርቶን ለአንድ ሰዓት ብቻ ከሆነ ከሚፈቀደው 84 በመቶ ይቀራል። በዚያው ፍጥነት 8 ሰዓት ከሆነ 45 በመቶ። ኮንቴነር የሚያራግፍ ቡድን በየግማሽ ሰዓቱ ቦታ ይቀያየር፦ የሚያነሳው ሃንድ ፓሌት ይግፋ፣ የሚገፋው ወረቀት ያንጥፍ፣ የሚያነጥፈው ያንሳ።

ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ1967 ባወጣው ምክረ ሐሳብ ለአዋቂ ወንድ ከፍተኛው 55 ኪሎ ነው ብሏል። የቡና ጆንያ 60 ኪሎ መሆኑን እያሰባችሁ አንብቡት። በአገራችን ደግሞ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 92 የሠራተኛውን ደህንነት የመጠበቅ ግዴታ አሠሪው ላይ ይጥላል። ወዛደሩ በቀን ሂሳብ መጣ ማለት ግዴታው ቀረ ማለት አይደለም።

የራስ ቁር ይለበስ፣ ግን አትመኩበት። በአውሮፓ ስታንዳርድ የሚፈተነው 5 ኪሎ ከ1 ሜትር በመጣል ነው። የናንተ ካርቶን 20 ኪሎ ነው። ብረት አፍንጫ ያለው ጫማ ከቁሩ ይልቅ በየቀኑ ይጠቅማል።

---

ሴራሚክ_መጋዘን

ለሴራሚክስ? 60 በ60፣ አንድ ካርቶን 4 ፍሬ፣ 30 ኪሎ ገደማ። ከፋብሪካው ፓሌት ፈትተን ስንሸጥ የተረፈውን እንደ ዘይቱ በዓምድ ብንደረድረው?

---

ካርቶን_ቴክኒክ

አይሆንም። የሴራሚክ ካርቶን ሸክም አይሸከምም፣ የሚሸከመው ሴራሚኩ ነው፤ ካርቶኑ መጠቅለያ ብቻ ነው። ሴራሚክ መጨመቅን ይችላል፣ መታጠፍን አይችልም። አስተኝተህ ብትከምረው ወለሉ ላይ አንዲት ጠጠር ብትኖር የታችኛው ፍሬ እሷ ላይ ታጥፎ ይሰነጠቃል።

በጠርዙ አቁመው። ከሥሩ ሁለት ሞራሌ አስተኛ፣ የመጀመሪያውን ካርቶን ጽኑ ነገር ላይ፣ ለምሳሌ ያልተፈታ ሙሉ ፓሌት ላይ አስደግፍ፣ ትንሽ ወደ እሱ እንዲያዘነብል አድርግ። ስስ ግድግዳ ላይ አታስደግፍ። 10 ካርቶን 300 ኪሎ ነው፤ መጨረሻው ካልታሰረ አንዱ ሲነሳ ሌሎቹ ተራ በተራ በእግር ላይ ይወድቃሉ። ስለዚህ በሌላው ጫፍ ሞራሌ ወለሉ ላይ ምታ ወይም በቀበቶ እሰር፤ ስታወጣም ከቀበቶው በኩል ካለው ጫፍ ጀምር፣ ቀበቶውን እንደገና አጥብቅ። በላዩ ሌላ ደርብ አይውጣ።

---

መርካቶ_3ኛ_ፎቅ

እኛ ጋ መሬት ላይ ቦታ የለም፣ ዕቃው ፎቅ ላይ ነው የሚቀመጠው። 5 ደርብ ዘይት ፎቅ ላይ ችግር አለው?

---

ሲቪል_መሐንዲስ

አለው፤ ትልቅ ችግር። አስሉት፦ 50 ካርቶን በ20 ኪሎ 1000 ኪሎ፣ ፓሌቱ 25 ኪሎ ያህል። የሚያርፍበት 1.2 ካሬ ሜትር ነው። በካሬ ሜትር ወደ 850 ኪሎ ይመጣል። በአውሮፓው የጭነት ስታንዳርድ ቢሮ የሚነደፈው በካሬ ሜትር ለ300 ኪሎ አካባቢ ነው፣ ሱቅ ለ400 እና 500፣ ለመጋዘን የሚመከረው ወደ 750። የናንተ ፎቅ ለሱቅ የተነደፈ ከሆነ ሁለት ደርብ እንኳ (በካሬ ሜትር 330 ከፓሌቱ ውጭ) አብዛኛውን አቅሙን ይወስዳል፣ ሦስት ደርብ 500 ነው።

«እስካሁን ችሏል» አይባልም። ለረጅም ጊዜ የተጫነ ኮንክሪት ልክ እንደ ካርቶኑ ቀስ እያለ ይጎብጣል። በታችኛው ፎቅ ኮርኒስ ላይ አዲስ ስንጥቅ፣ የማይዘጋ በር፣ የተላቀቀ የግድግዳ ሴራሚክ ካያችሁ ዕቃው በዚያው ቀን ይነሳ። የሕንፃውን የስትራክቸር ሥዕል የሠራውን መሐንዲስ ሳትጠይቁ ከሁለት ደርብ አትለፉ። ያለውንም በክፍሉ መሃል ሳይሆን በዓምዶችና በቢሞች አጠገብ በትኑት።

መሬት ላይ ላሉትም አንድ ነገር፦ ወለሉን በውሃ ልክ እዩት። በሜትር 2 ሳንቲም ካዘነበለ የ3 ሜትር ክምር አናት 6 ሳንቲም ይወጣል፣ ካርቶኑ ገና ሳይረግብ። ሲረግብ ደግሞ በዝቅተኛው በኩል ነው የሚረግበው፣ ማዘንበሉ ራሱን ያባብሳል። የስቶር_ቃሊቲ ሁለቱ ክምሮች ወደ አንድ አቅጣጫ ካዘነበሉ ወለሉን ጠርጥር፤ መጋዘን ሲሠራ ለውሃ መውረጃ ተብሎ ወደ በሩ የሚደረግ ተዳፋት አለ።

---

አለቃ_ጫኝ

አሁን ወደ ያዘነበሉት እንምጣ፣ ይህ ነው አስቸኳዩ።

ከአናቱ ማዕዘን ቱምቢ አውርድ፣ ግን ከማያዘነብልበት ጎን ቆመህ፣ በረጅም እንጨት ጫፍ። ከታችኛው ካርቶን ምን ያህል እንደራቀ ለካና ወለሉ ላይ በጠመኔ ቀንና ልክ ጻፍ። ከ5 ሳንቲም በታች ሆኖ በማግሥቱ ካልጨመረ ጊዜ አለህ፣ በሥርዓት ታወርደዋለህ። ከጨመረ ወይም ከ5 በላይ ከሆነ ሌላ ሥራ አቁምና እሱን አውርድ።

በእጅ አትመልሰው። 1800 ኪሎ ነው። በሌላ ፓሌትም በእንጨትም አትደግፈው፤ ድጋፉ ሲንሸራተት የደገፈው ሰው ከሥር ነው። ፎርክሊፍት ተከራይተህ በሹካው ልግፋው አትበል፣ የተነፋውን ካርቶን ይወጋዋል። በሃንድ ፓሌትም ከቦታው አታንቀሳቅሰው።

ስትሬቹን ከታች አትቅደድ። ያን ክምር አሁን ያቆመው እሱ ነው። ቆርጠህ የምትወርደው ከላይ፣ ደርብ በደርብ፣ አንዱ ደርብ ካለቀ በኋላ ለሚቀጥለው ብቻ ነው።

በሚያዘነብልበት በኩል ቢያንስ የክምሩን ቁመት ያህል፣ ማለትም 3 ሜትር፣ ሰው እንዳይገባ በሲባጎ አጥር። ሠራተኞቹ በሁለቱ ጎኖች ይቁሙ፣ በፊት ለፊት አይደለም፤ ላዩ ድፍን የሆነ ሰፊ መርገጫ ወይም የግንበኛ ሳንቃ በጎን ይቁም፣ ክምሩን ሳይነካ። መሰላል አይደገፍበት። ከላይኛው ደርብ መጀመሪያ የሚነሱት በማዘንበሉ በኩል ያሉት ናቸው፣ ከጎን ተደርሶ። ክብደቱ ከዚያ በኩል ሲቀንስ ክምሩ ይረጋጋል። ካርቶኑ ከእጅ ወደ እጅ ይውረድ፣ አይወርወር። አንድ ሰው ራቅ ብሎ ክምሩን ብቻ ይይ፤ ሥራው እሱ ብቻ ነው፣ ሲንቀሳቀስ «ተው!» ይላል፣ ሁሉም ይርቃል።

የተጨፈለቀውን ካርቶን ከመሃል ለመምዘዝ የሚሞክር ሁልጊዜ አይጠፋም። ቀድማችሁ ንገሩት፦ የተበላሸው ተራው ሲደርስ ይወጣል።

---

ደህንነት_ኦዲተር

ጋሼ አለቃ ባሉት ላይ፦ ለሽያጭ ሲወጣም ይኸው ነው። ትዕዛዝ ሲመጣ ከፊት ያለውን ዓምድ ከላይ እስከ ታች ጨርሶ መውሰድ ይለመዳል፤ የቀሩት በአንድ በኩል ባዶ ሆነው ይቆማሉ። ደርብ በደርብ ይውረድ። የግድ ከፊት ከሆነም እንደ ደረጃ፣ ከፊት ዝቅ ከኋላ ከፍ፣ በሁለት ደርብ ልዩነት ብቻ።

---

ስቶር_ቃሊቲ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። መተላለፊያው ተዘግቷል፤ ሁለቱንም ለካኋቸው፣ አንዱ 4 አንዱ 7 ሳንቲም ነው፣ ሁለቱም ወደ በሩ። 7ቱ ነገ ጠዋት ይወርዳል። ካርቶኑም ሁለት ሞገድ አለው።

አንድ ጥያቄ። በ5 ደርብ ግማሽ ያህል ቦታ እናጣለን። ስታከር (ፓሌት ወደ ላይ የሚያወጣ ማንሻ) ተከራይተን ፓሌት በፓሌት ላይ ብናወጣስ? 5 ደርብ፣ በላዩ ሌላ 5 ደርብ?

---

ካርቶን_ቴክኒክ

ታችኛው ካርቶን የራሱን 4 ካርቶን ይሸከማል፣ 80 ኪሎ። የላይኛው ፓሌት 1025 ኪሎ በ10 ዓምድ ሲካፈል 102 ኪሎ ይጨመራል። 182 ኪሎ ሆነ። አቅሙ 114 ነው። አይሆንም።

ከፍታ ከፈለግህ ሼልፍ ብቻ ነው፤ ሸክሙን ብረቱ ይይዘዋል። አሮጌ ሼልፍ ስትገዛ የተጣመመ እግር ያለውን አትቀበል፤ ቀጥ ብሎ የተሰበሰበ መሆኑን በቱምቢ እይ፤ እግሩን ወለሉ ላይ በቡሎን እሰር፤ እያንዳንዱ ወለል የሚችለውን ኪሎ በትልቁ ጻፍበት። የፓሌትህ ክብደት 1025 ስለሆነ ሁለት ፓሌት የሚይዝ አንድ ወለል ከ2050 ኪሎ በላይ መቻል አለበት።

እስከዚያው ድረስ ቦታ የምታገኘው ከመተላለፊያው ነው። ሃንድ ፓሌት ብቻ ካለህ እንደ ፎርክሊፍት 4 ሜትር አያስፈልግህም፣ 1.8 ሜትር ይበቃሃል። ከግድግዳው ግን 30 ሳንቲም ራቅ፤ ክረምት ላይ ግድግዳው ያልባል፣ ሰውም ገብቶ የኋላውን ማዕዘን ማየት አለበት።

---

አለቃ_ጫኝ

ነገ ስታወርዱ ከ7 ሳንቲሙ ጎን ያለውን ጤነኛ ክምርም አብራችሁ አራቁት፤ እንዳለ በሃንድ ፓሌት አትግፉት፣ መጀመሪያ ከላይ 4 ደርብ አቅልላችሁለት ከዚያ ግፉት። ከክምሮቹ አጠገብ ባለው ግድግዳ ላይ በ175 ሳንቲም ከፍታ ቀይ መስመር አስምርላቸው፤ ፓሌቱን ጨምሮ 5 ደርብ ልክ እዚያ ላይ ነው የሚያልቀው። መስመሩን ያለፈ ካርቶን ካዩ ራሳቸው ያወርዱታል።